ለዋርካው አቀበት የመረጥሁት ጎማ

ሰው ጎማ ሲገዛ የሚያስበው ስለ መንገዱ ነው። እኔ ያን ክረምት ጎማ ስመርጥ የማስበው ስለ ወንድሜ ነፍስ ነበር።

ወንድሜ ላቀው ሰው ገድሏል። ይህን አስቀድሜ ልናገረው፤ ኋላ ከሌላ ሰው ብትሰሙት ደበቀችን ትላላችሁ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ እኛ ዋርካው አቀበት የምንለው ቦታ አለ። የአያ ክንዱ ቤት አቀበቱ ወገብ ላይ ነው፤ የእናቴ ቤት ደግሞ ከአቀበቱ ሥር፣ ወንዙን ተሻግሮ። በባሕር ዛፍ ድንበር ተጣሉና ላቀው የአያ ክንዱን ትልቁን ልጅ፣ ባንተአምላክን፣ በሽመል አናቱን አለው። ሰውየው ሳያመሽ ሞተ። ላቀው ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ። መንግሥት በቃህ አለው። የአያ ክንዱ ቤት ግን በቃህ አላለውም። ሽማግሌ ብንልክ አያ ክንዱ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ እስከ በር ድረስ ሸኝተው፣ መልስ ሳይሰጡ ሰደዷቸው። እንዲህ ያለ ዝምታ ምን እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። የሟቹ ታናሽ ወንድም ወንዳወቅ ክላሽ ገዛ፤ የወንድሙን ደም ሳይመልስ ላይላጭ ምሎ ጠጉሩን አሳደገ።

እኔ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባሌ ሐብቴ ሲሞት አንድ አይሱዙ ትቶልኛል፤ ላቀው ከእስር ከወጣ ወዲህ ሾፌሩ እሱ ነው። በቆሎና በርበሬ ከሽንዲ እናወጣለን፤ ሲመለስ ጨው፣ ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮ፣ የተገኘውን እንጭናለን። ወደ ሽንዲ የሚወስደን ደግሞ ያው አንድ መንገድ ነው፤ በዋርካው አቀበት በኩል።

አሁን ነገሩን ስሙኝ። በክረምት በዚያ አቀበት ላይ መኪና ይያዛል። ጭቃው የመረሬ ጭቃ ነው፣ ጥቁር፣ እንደ ሙጫ። የአቀበቱ ሰዎች ዝናብ ሲጥል ከየቤታቸው ወጥተው ከዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። መኪና ሲያዝ ቅጠልና ድንጋይ ከጎማው ሥር ይከትታሉ፣ በትከሻቸው ይገፋሉ፣ የጉልበታቸውን ይቀበላሉ። የክረምት ሥራቸው ነው፤ ማንም አይቀየማቸውም። እነማን ናቸው የሚገፉት ብትሉኝ፣ የአያ ክንዱ ልጆችና የወንድሞቻቸው ልጆች ናቸው። ሌላው ሾፌር ሲያዝ ጥሩንባ እየነፋ ይጠራቸዋል። ላቀው ከተያዘ ግን ሳይጠራቸው ይመጣሉ።

በሚሄድ መኪና ላይ አይተኩሱም ነበር። ከላይ ገበያተኛ ተጭኖ ይሆናል፤ አንዱን ስቶ ሌላውን ቢመታ ሌላ ደም ነው። የሚጠብቁት የቆመውን ነው። ሴት ደግሞ በደም አትቆጠርም። ደመኛ ሴት አይነካም፤ ሴት የነካ ቤት ልጁን የሚድርለት አያገኝም። እኔ ስለዚህ ሁልጊዜ ከላቀው ጎን ጋቢና ውስጥ እቀመጥ ነበር። ቢያዝ ወርጄ ከፊቱ ልቆም። ግን እሱም ቢሆን ስንት ደቂቃ ያቆያል? ዋናው አለመያዝ ነው። አለመያዝ ደግሞ ጎማ ነው።

ሰኔ ላይ ጎማው አለቀ። ፍኖተ ሰላም ካለው ጎሚስታ፣ ከእንድሪያስ ግቢ ሄድን። እንድሪያስ የፊት ጥርስ የለውም፤ ጎማ ሲነፋ የቸርኬ ቀለበት ተፈናጥሮ ያወለቀው ነው። ሲናገር ያፏጫል፤ ሰው ይስቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል።

ላቀው ገና ሳንገባ ወደ አስፋልት ጎማዎቹ ሄደ። ቀጥ ያለ መስመር ያላቸው፣ ሲሄዱ ድምፅ የሌላቸው፣ ነዳጅ የማይበሉ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ደምበጫ፣ የምንውለው አስፋልት ላይ ነው አለኝ። የምትሞተው ግን አስፋልት ላይ አይደለም አልሁት። እንድሪያስ ፊቱን አዞረ፤ ነገሩን ያውቃል፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ ዐይኔ የገባው ትልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ነበር። ጥርሱ መሀል ጣቴን ብከት እስከ አንጓዬ ገባ። ይኸ ገደል ያወጣል ብዬ ያዝሁት። እንድሪያስ ግን ራሱን ነቀነቀ። ቀይ አፈር ላይ ወደር የለውም አለኝ፤ መረሬ ግን ጥርሱ ውስጥ ይሞላል፣ አይራገፍም፣ ከሞላ በኋላ ጎማው ልሙጥ ድንጋይ ይሆናል። በረዶ ከጣለማ አይነሣ። ሐምሌ ላይ የዋርካው አቀበት በበረዶ እንደሚነጣ እሱም ያውቃል። በረዶ በትልቅ ጥርስ አይነከስም፤ ትንንሽ ጥርስ፣ እያንዳንዱም በቀጭኑ የተሰነጠቀ ይፈልጋል። እንዲህ ብሎ ሦስተኛውን ጎማ አንከባሎ አመጣ። ቅይጥ ይለዋል። ለጭቃውም ለጠጠሩም ለአስፋልቱም።

የሰው ቃል ብቻ ሰምቼ አላውቅም። ከግቢው ቦይ ጥቁር ጭቃ በእጄ ዘገንሁና በሁለቱም ጎማዎች ጥርስ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡኝ፤ አንዱ ምርጊት ልትመርግ ነው አለ። ከዚያ ሁለቱንም አቁሜ እያንከባለልሁ ከግንቡ ጋር አላተምኋቸው። የትልቁ ጥርስ ጭቃ እንዳለ ተቀመጠ። የቅይጡ ግማሽ በግማሽ ረገፈ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ይኸንን ስጠኝ አልሁት፤ የኋላውንም የፊቱንም።

ላቀው ተናደደ። በሰው ፊት አሳፈርሽኝ፣ መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ አለ። መኪናው የማን እንደሆነ ነገርሁት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፣ ግን አልሁት። እሱም እልኽ ያዘውና፣ ጎማውን እሺ፣ ቸርኬውን ግን አልቀይርም ብሎ ድርቅ አለ። የእኛ ቸርኬ የድሮው ነው፣ ባለ ቀለበቱ። ጎማው ከቸርኬው እንዳይወጣ የብረት ቀለበት ዙሪያውን ይይዘዋል። እንድሪያስ ይህ ዝጎ አፉ ተበልቷል፣ ቀለበት የሌለውን ውሰዱ ብሎ ለመነን። ላቀው ራሴ እነፋዋለሁ አለ፤ የነፋሱን ቱቦ ከሠራተኛው እጅ ነጥቆ ተንበረከከ።

ድምፁን ስሰማ መብረቅ የወረደ መሰለኝ። ቀለበቱ ተፈናጥሮ የላቀውን ቀኝ ክንድ መትቶ፣ በእኔ ጆሮ ሥር አልፎ፣ ግንቡን በስቶ ቆመ። ላቀው ክንዱን እያየ ተቀመጠ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር፤ ነጭ፣ እንደ ተላጠ ሸንኮራ። እሱ አልጮኸም። እንድሪያስ ነው የጮኸው። ነጠላዬን ቀድጄ ክንዱን አሰርሁና ባጃጅ ላይ ጭኜ ሆስፒታል ወሰድሁት። ጀሶ አደረጉለት። ስመለስ ለእንድሪያስ ቀለበት የሌለውን ቸርኬ ግጠም አልሁት። የላቀው ደም ገና ከመሬቱ አልታጠበም ነበር።

እንዲህ ሆኖ መኪናው አዲስ ጎማ አደረገና ሾፌር አጣ። ሌላ ሾፌር ብንፈልግ ያንን መኪና ይዞ በዋርካው አቀበት የሚያልፍ ጠፋ። ሰማያዊ አይሱዙ ሲያዩ ላቀው ነው ብለው ቢተኩሱብኝስ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መኪናው ቆመ።

ሐምሌ ገብቶ ሲጋመስ ከእናቴ ጎረቤት ስልክ ተደወለ። እናቴ እግሯ አብጧል፣ መተንፈስ አቅቷታል፣ ተቀምጣ ነው የምታድረው። በወንዙ በኩል የሕዝብ መኪና ክረምቱን አይገባም። በቃሬዛ እንዳትወጣ አቀበቱ ይገድላታል።

እኔ መንዳት እችላለሁ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ትምህርቴ ለእሱ አይበቃም። ግን ሐብቴ በሕይወት ሳለ አውድማ ላይ አስተምሮኛል፤ መሪ አያስፈራኝም። የሚያስቸግረኝ ማርሽ ነው፤ አቀበት ላይ ማርሽ ስቀይር መኪናውን አንቃለሁ። ለላቀው እኔ ሄጄ አመጣታለሁ አልሁት። ብቻሽን አቀበቱ ላይ አንቀሽ ልትቆሚ ነው፣ አለኝ። አንተ ደግሞ በአንድ እጅህ ምን ልትረባኝ አልሁት። ግራ እጁን አነሣ። ለማርሽ የሚበቃው እሱ ነው አለ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ እኔ መሪና ፍሪሲዮን፣ እሱ መሀል ተቀምጦ በግራ እጁ ማርሽ። እኔ ፍሪሲዮን ስረግጥ እሱ ያስገባል። ፍኖተ ሰላምን ሳንወጣ ተስማማን። ሁለት ሆነን አንድ ሾፌር ወጣን፣ ብሎ ሳቀ። ክንዱ ከተሰበረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በማለዳ ነበር አቀበቱን የወረድነው። ዋርካው ሥር ማንም አልነበረም። እናቴን ተሸክመን ጋቢና አስገባን፤ በቀኝ በኩል፣ ከላቀው ጎን። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ስማኝ አንተ፣ ይቺ ሴት መንዳት የጀመረችው መቼ ነው አለችው ላቀውን። ዛሬ ነው አላት። አማተበች።

ወንዙን ስንሻገር ሰማዩ ጠቆረ። ከአቀበቱ እግር ስንደርስ በረዶው ወረደ። ስንት በረዶ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጣሪያውን ይደበድባል፤ የፊቱ መስተዋት ተሰነጠቀ፤ በእኔ በኩል ያለው መስኮት ረገፈና በረዶው ጭኔ ላይ ይወድቅ ጀመር። ጉንጬ ደማ። ላቀው የራሱን ካፖርት በአንድ እጁ አውልቆ አለበሰኝ፣ የሹራብ ኮፍያውን እስከ ቅንድቤ አጠለቀልኝ። እሱ ከእናቴ ጋቢ ሥር ገባ፤ ትንቀጠቀጥ ነበርና አቅፎ ሊያሞቃት። ወንዙ ከኋላችን ሞልቶ ሲያጓራ ይሰማናል። መመለስ የለም። በረዶው ሲያባራ ምድሩ ሁሉ ጨው የተደፋበት መስሎ ነጥቶ ነበር፤ የበቆሎው ማሳ በሙሉ አገዳው ተሰባብሮ ተኝቷል።

አንደኛ ማርሽ አስገባና ወጣን።

ጎማው ያዘ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ጎማው ያዘ። በረዶው ሲፈጭ ከሥራችን ይሰማል፣ መኪናው እንደ ከበደች ላም ቀስ ይላል፣ ግን አይንሸራተትም። ላቀው ከጋቢው ሥር ሆኖ፣ አትቸኩይ፣ ነዳጅ አትጨምሪ፣ እንዲሁ እንዲሁ ይለኛል። ዋርካው ሥር ሰዎች ቆመው አየሁ። ቅጠልና ድንጋይ ይዘዋል፤ እንድንያዝ እየጠበቁ ነው። ወንዳወቅን በጠጉሩ ለየሁት። ከመንገዱ በላይ፣ በግራዬ በኩል፣ ጉብታው ላይ ቆሟል። እኛ አልተያዝንም። ኩርባውን ይዘን አለፍን። ሰዎቹ እየተገረሙ ያዩናል። ከላይ ጭነት የለም፣ ገበያተኛ የለም፣ ባዶ ሰማያዊ አይሱዙ፤ መሪው ላይ የላቀው ካፖርት፣ የላቀው ኮፍያ። አጠገቡ በጋቢ የተጠቀለለች አሮጊት።

ወንዳወቅ፣ ላቀው ያመለጠው መሰለው። ጎማው ባይዝልን ኖሮ እንደ ልማዳቸው ቀርበው ያዩኝ ነበር። ጎማው ስለ ያዘ ከሩቅ ተኮሰ።

ትከሻዬን በመጥረቢያ ጀርባ የመቱኝ መሰለኝ። ግራ እጄ ከመሪው ወደቀ። እግሬ ነዳጁን ለቀቀ፣ ሞተሩ ታነቀ፣ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ሁለተኛው ጥይት በሩን በሳው። ላቀው ከላዬ ተጋድሞ በግራ እጁ መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዘው፤ ባያደርገው ገደል ነበር የምንገባው። የኋላው ጎማ ቦዩ ውስጥ፣ በረዶው ክምር ላይ ወድቆ ቆምን። ደሜ ካፖርቱ ውስጥ ሲወርድ ይሞቃል፤ ከብርዱ በኋላ ደስ ይላል ብል ታምኑኛላችሁ?

ወንዳወቅ እየሮጠ መጥቶ በሩን በረገደው። ጎትቶ ሊያወጣኝ ካፖርቱን ሲይዝ ኮፍያው ወደቀ፣ ሹሩባዬ ተፈታ። አየኝ።  እጁ በደሜ ርሷል፤ እጁን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ከጋቢው ሥር ላቀውን አየው። መሣሪያውን በእኔ ላይ አሻግሮ ወደ እሱ አቀና። አፈሙዙ በአፍንጫዬ ሥር አለፈ፣ ትኩስ ነው፣ ባሩድ ባሩድ ይላል።

ላቀው አልተነሣም። "እናቴን አውርዷት፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ" አለ።

እኔ በቀኝ እጄ አፈሙዙን ወደ ጣሪያው ገፋሁትና የወንዳወቅን አንጓ ነከስሁት። ጥርሴ ከአጥንቱ ደረሰ። ተኮሰ፤ ጣሪያው ተበሳ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ጠጉሬን ይዞ ራሴን ከበሩ ብረት ጋር አላተመው። አልለቀቅሁትም። ሲፈልግ ጥርሴን ይዞ ይሂድ ብዬ ነበር።

የለዩን አያ ክንዱ ናቸው። ሮጠው መጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ካፖርት ለብሳ ሹሩባዋ የተፈታ ሴት መሪ ላይ በደም ተነክራ ሲያዩ ፊታቸው አመድ ሆነ። መሣሪያውን ከልጃቸው እጅ ነጥቀው በሰደፉ አፉን አሉት። ወደቀ። ሴት ላይ፣ እያሉ ደገሙት። ሴት ላይ። ሊገላግሉ የመጡትንም ገፈተሩ። ወንዳወቅ በረዶው ላይ በአራት እግሩ ሆኖ ጥርሱን ተፋ፤ ነጩ ላይ ቀይ፣ ቀዩ ላይ ነጭ። እጁን አላነሣባቸውም።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩና ግፉ አሉ። ይቺ ሴት እዚህ ከሞተች ስማችን ከምድር ጠፋ፣ ግፉና ሆስፒታል ትድረስ። ሰዎቹ ቅጠሉን ጣሉ፣ ትከሻቸውን ከመኪናው ጀርባ ሰጡ። የባንተአምላክ ወንድሞች፣ ያጎቶቹ ልጆች። ላቀው ማርሹን ይዞ፣ እትዬ አስነሺው አለኝ።

እኔ ቁልፉን ነቀልሁና ጡቴ ውስጥ ከተትሁት።

ራሴ ይዞራል፣ ግን ያኔ እንደዚያ ጠርቶ የታየኝ ነገር የለም። ዛሬ ገፍተው ቢያወጡን ነገ ላቀው ያው ደመኛ ነው። ሴት መትተን ነበር፣ ገፍተን አሳከምናት፣ የእሷ ነገር እዚያው አለቀ ይላሉ። ወንዳወቅም ጠጉሩን አይላጭም። ይህ አቀበት ሁልጊዜ እዚህ ነው፤ በረዶውም ሁልጊዜ ይመጣል።

"አያ ክንዱ" አልሁ፣ "ማንም መኪናዬን እንዳይነካ። የባንተአምላክ ደም በእኔ ደም ደረቀ ብለው ይማሉ። ካልማሉ ከዚህ አልነሣም።"

"አንቺ ሴት፣ ደምሽ እየፈሰሰ ነው" አሉኝ።

"ይፍሰስ።"

ላቀው አበደ። በግራ እጁ ጡቴ ውስጥ ቁልፉን ሊፈልግ መጣ፤ በክርኔ ጀሶውን መታሁት፣ አቃሰተ። እማ ልትሞት ነው፣ እሷን እንኳ አታስቢም አለኝ። እናቴ ከጋቢው ውስጥ በቀጭን ትንፋሿ፣ "እኔን ምክንያት አታድርገኝ፣ አልቸኮልሁም" አለችው።

 ሰው ሁሉ አያ ክንዱን ያያል። በዚህ መሀል ሚስታቸው እትዬ ውዳሴ ከቤቷ ደረሰች። የባንተአምላክ እናት ናት፤ ከሞተ ወዲህ ጥቁሯን አላወለቀችም። ሰው መንገድ ለቀቀላት። የምለውን ነግረዋት ኖሮ፣ ቀርባ ትከሻዬን አየችው። ቁስሉን፣ ደሙን፣ ሁሉን ቀስ ብላ አየች።

"የኔ ልጅ በአንድ ትከሻ ይለወጣል?" አለችኝ።

  

የመለሰችላት እናቴ ናት። ጋቢውን ከራሷ ገልጣ ቀና ለማለት ሞከረች፣ ላቀው ደገፋት። "ውዳሴ፣ ለልጅሽ ለቅሶ መጥቼ ከደጅ መለሳችሁኝ። ደግ አደረጋችሁ፤ እኔም ብሆን እመልስ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ልጆቼ ከፊትሽ ናቸው፣ አንዷ እየደማች ነው፣ አንዱ ክንዱ ተሰብሯል። የምትወስጂውን ውሰጅና ይለቅ። በየክረምቱ እየፈራሁ ልሞት አልችልም።" ይህን ስትል ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው፤ አንዱን ቃል ከሌላው ሳል ይለየው ነበር።

እትዬ ውዳሴ ላቀውን ብዙ አየችው። ላቀው ዐይኑን ሰበረ። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠችና ወደ ቤቷ ሄደች፤ በረዶው ከባዶ እግሯ ሥር ሲሰበር ይሰማል። አልማለችም፣ አልረገመችም። አያ ክንዱ አጥሯን እስክትገባ ድረስ በዐይናቸው ሸኟት። የጠበቁት ሳትረግም መሄዷን ነበር መሰለኝ።

መሣሪያውን ከመንገዱ ላይ አስተኙት። ባንተአምላክን በቀበርሁበት በሚካኤል፣ ደሙ ዛሬ ደረቀ፣ ከእንግዲህ ላቀውን የነካ የእኔን ሬሳ ረግጦ ይለፍ አሉ። ሰዎቹ አሜን አሉ። እኔ አሜን አላልሁም። ወንዳወቅም ይማል አልሁ። ከሰው መሀል፣ ኧረ ይቺስ ሰይጣን ናት፣ የሚል ሰማሁ። ወንዳወቅ በደም አፉ ማለ፤ ግማሹ ቃል አልተሰማም። ደግመህ በል አልሁት። ደገመው። ዐይኑ ዐይኔ ላይ ነበር፤ ይጠላኛል፣ ግን ማለ።

ያኔ ቁልፉን አወጣሁ።

አስነሣሁት፣ ላቀው አስገባ፣ ገፉ። ቦዩ ውስጥ ያለው ጎማ ግን ባዶውን ዞረ። በረዶው ቀልጦ ከሥሩ ተመልሶ ረግቷል፤ ቅይጥም ቢሆን የሚነክሰው ነገር አጣ። ቅጠሉን ተፋው። ድንጋዩን ተፋው። ዐይኔ እየጨለመ ነው፣ መሪውን በደረቴ ነው የያዝሁት። አያ ክንዱ ጋቢያቸውን አወለቁ። ባለ ጥለት፣ አዲስ ጋቢ ነው። አጥፈው ከጎማው ሥር በእጃቸው ከተቱት። ልቀቂው በዝግታ አሉኝ። ጎማው ጋቢውን ነከሰ፣ ጎተተ፣ ቀደደው፣ እኛም ተገፍተን ወጣን። በመስተዋቱ ሳይ አያ ክንዱ በሸሚዝ ብቻ፣ እጃቸው እስከ ክርን ጭቃ ሆኖ ቆመው ነበር።

ቡሬ ድረስ የነዳሁትን አላስታውስም። ላቀው እንደሚለው መንገዱን ሙሉ እሱን እየተሳደብሁ ነው የሄድሁት። ቡሬ ላይ ሌላ ሾፌር መሪውን ያዘና ፍኖተ ሰላም ገባን። ጥይቱን አወጡልኝ። ግራ እጄ ከጡቴ በላይ አይነሣም፤ ነጠላዬን የምታጣፋልኝ ጎረቤቴ ናት። እናቴን ልብ ነው አሏት፤ መድኃኒቷን እየዋጠች እኔ ቤት ናት፣ ምግቤ ጨው የለውም ትላለች።

ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በሬ ታርዶ፣ ዕርቁ በወጉ ሆነ። ወንዳወቅ ተላጭቶ መጣ። ራሱ ላይ ጠጉሩ የነበረበት ቦታ ነጭ ነው፣ እንደ ሕፃን። እትዬ ውዳሴ አልመጣችም። አሁንም ላቀው መኪናውን ይዞ ሲያልፍ አጥሯ ሥር ትቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ። ላቀው እዚያ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል። ጥሩንባ አይነፋም።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ጎማውን ለማስቀየር እንድሪያስ ዘንድ ሄድን። እንድሪያስ እንደ ባለፈው ሦስቱንም አሰልፎ፣ የትኛውን ልስጣችሁ እትዬ አለኝ። ላቀው ከኋላዬ ሆኖ፣ የሚያንሸራትተውን ስጠን፣ ተይዘን ሰው ቀርቦ መልካችንን ይየን አለ። እንድሪያስ አልገባውም፣ ግን ባልተተካው ጥርሱ እያፏጨ ሳቀ።

አሮጌውን ጎማ ሲያወርደው ጥርሶቹ መሀል ጠቁሮ የደረቀ የጥለት ክር ተሰክቶ አገኘ። በካቻቢቴ ሊያወጣው ሲል ተወው አልሁት። ተወው፤ ያንን ጎማ ስኮርታ፣ መጠባበቂያ አድርገህ ከሥር እሰርልኝ። አልቋል እኮ አለኝ። ማለቁን አየሁ አልሁት። ለአዲሱም ያንኑ ቅይጡን ስጠኝ።